መማርና ሌላ ሰው መሆን፦ «ኤጁኬቲንግ ሪታ» የሚያነሣው ጥያቄ

«ኤጁኬቲንግ ሪታ» እ.ኤ.አ. በ1983 ለእይታ የበቃ የእንግሊዝ ፊልም ነው፤ ስሙ «ሪታን ማስተማር» እንደ ማለት ነው። ጽሑፉ የዊሊ ራስል፣ ዝግጅቱ የሉዊስ ጊልበርት ነው። ጁሊ ዋልተርስ ሪታን፣ ማይክል ኬይን መምህሯን ዶክተር ፍራንክ ብራያንትን ሆነው ይተውኑበታል። ሪታ የ26 ዓመት ባለትዳር ስትሆን በሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ትምህርቷንም ገና በልጅነቷ አቋርጣዋለች። አሁን ሥነ ጽሑፍ ለመማር ተመዝግባ፣ ከሥራ ስትወጣ ዩኒቨርሲቲ እየመጣች ፍራንክ ቢሮ ውስጥ ትማራለች። ፍራንክ ግጥም መጻፍ ካቆመ የቆየ ገጣሚ፣ የውስኪ ጠርሙሱን ከመጻሕፍቱ ጀርባ የሚደብቅ ጠጪ፣ በሚያስተምረው ነገር ላይ እምነቱ የተሟጠጠበት ምሁር ነው። ይህን ተጨማሪ ሥራ የያዘውም ለመጠጥ የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ ነው። ፊልሙ ኮሜዲ ነው፤ በእርግጥም ያስቃል። ከሣቁ ሥር ያለው ጥያቄ ግን የፍልስፍና ነው፦ ሰው ራሱን ለመለወጥ ብሎ ሲማር፣ ከትምህርቱ በኋላ የሚገኘው ያው ሰው ነው ወይስ ሌላ? ሌላ ከሆነስ፣ በለውጡ ተጠቀመ የሚባለው የትኛው ነው?

ራስል ጉዳዩን ከውጭ ሆኖ የተመለከተ ደራሲ አይደለም። በ1947 ሊቨርፑል አጠገብ ተወልዶ በ15 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጣ፤ የሴቶች ፀጉር ሠሪ ሆኖ ለዓመታት ሠራ፤ ከዚያም በማታ ትምህርት ወደ ንባብ ተመልሶ መምህርም ጸሐፌ ተውኔትም ሆነ። «ኤጁኬቲንግ ሪታ»ን መጀመሪያ የጻፈው በሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ጠያቂነት ለመድረክ ነው። በ1980 ለንደን ላይ ሲታይ ገጸ ባሕርያቱ ሁለት ብቻ፣ ቦታውም የፍራንክ ቢሮ ብቻ ነበር። የሪታ ባልና እናት፣ የፍራንክም ጓደኞች ሁሉ በወሬ ብቻ ይነሡ ነበር። ፊልሙ እነዚህን ሁሉ በአካል አምጥቷል። ቀረጻው የተካሄደው በአብዛኛው ደብሊን ከተማ ሲሆን የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሆኖ የሚታየው ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው። ዋልተርስና ኬይን ለኦስካር ታጭተዋል፤ ራስልም በጽሑፉ ታጭቷል። የብሪታንያ የፊልም አካዳሚ ደግሞ የምርጥ ፊልም፣ የምርጥ ተዋናይና የምርጥ ተዋናይት ሽልማቶቹን ለዚህ ፊልም ሰጥቷል። ኬይን ራሱ በለንደን የዓሣ ገበያ ተሸካሚ የነበረ ሰው ልጅ ነው፤ ዋልተርስም ወደ ትወና ከመግባቷ በፊት ለነርስነት ሠልጥናለች። ሁለቱም ከሠርቶ አደር ቤት ወጥተው ሌላ ዓለም ውስጥ የገቡ ናቸው።

ለሪታ የትምህርት ዕድል የሰጣት ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም ነው። በሃሮልድ ዊልሰን መንግሥት ዘመን፣ በተለይ በሚኒስትሯ በጄኒ ሊ ትግል ተቋቁሞ በ1969 የንጉሣዊ ቻርተር አገኘ፤ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች በ1971 ተቀበለ። ትምህርቱ በፖስታ፣ በቢቢሲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ በአካባቢ መምህራንና በክረምት ኮርስ ይሰጥ ነበር። ዋናው ነገር ግን ለመግባት ምንም ዓይነት የቀደመ የትምህርት ማስረጃ አለመጠየቁ ነው። ሪታ ማመልከቻ ሞልታ፣ ክፍያዋን ከፍላ መግባት ችላለች። የፊልሙ ታሪክ ሊሆን የቻለው ይህ ስላለ ነው።

ሪታ ምን ልትማር እንደመጣች ስትጠየቅ ሁሉን ነገር ማወቅ እንደምትፈልግ ትናገራለች። መልሱ የዋህ ይመስላል፤ ሌላ መልስ ግን ሊኖራት አይችልም። ጥሩ መጽሐፍ ከመጥፎ መጽሐፍ በምን እንደሚለይ ገና አታውቅም፤ ከዚህ በፊት ያነበበችውም ለጊዜ ማሳለፊያ የሚሆነውን ነው። የምትፈልገው ነገር ዋጋው የሚታየው ለተማረ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ ገና አልተማረችም። ታዲያ ምክንያቷ ምንድን ነው? አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ኤል ኤ ፖል በ2014 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ችግር በግልጽ አስቀምጣዋለች። አንዳንድ ለውጦች የሰውየውን ምርጫና ሚዛን ራሱን ስለሚቀይሩት፣ ከለውጡ በፊት ቆሞ «ይጠቅመኛል» ወይም «አይጠቅመኝም» ብሎ ማስላት አይቻልም። መዛኙም ሚዛኑም ይለወጣሉና። አግነስ ካላርድ የተባለች ሌላ ፈላስፋ በ2018 የሰጠችው መልስ ለሪታ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። በካላርድ አስተሳሰብ ወደ አዲስ እሴት የሚያድግ ሰው ሙሉ ምክንያት በእጁ የለውም፤ ያለው ጅምር ምክንያት ነው። የሚፈልገውን ነገር በከፊል ብቻ ያየዋል፤ ያ በከፊል ያየው ነገር በቂ እንዳልሆነም ያውቃል፤ ይህ ማወቁ ራሱ ወደፊት ይገፋዋል። ከምትሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ክላሲካል ሙዚቃን መውደድ ሳይጀምር፣ ልወደው ይገባል ብሎ የሙዚቃ ትምህርት የሚመዘገብ ሰው ነው።

ሪታ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ ናት። ስለ ኢብሰን «ፔር ጊንት» የተሰጣት ጥያቄ፣ ተውኔቱን በመድረክ ለማዘጋጀት የሚያጋጥሙ ችግሮች እንዴት ይፈታሉ የሚል ነው። መልሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ በሬዲዮ ይተላለፍ ትላለች። ፍራንክ ይሥቃል፤ ተመልካችም ይሥቃል። ነገር ግን መልሱ ስንፍና የለበትም። ኢብሰን ተውኔቱን በ1867 ሲያወጣው በግጥም የተጻፈና ይበልጥ ለንባብ የታሰበ ነበር፤ መድረክ ላይ የወጣው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1876 ነው። የተራራ ጋኔን፣ የመርከብ መስጠም፣ በረሃና የእብዶች ቤት የሚፈራረቁበት ታሪክ በእርግጥም ለጆሮ ይመቻል። ሪታ ትክክል ናት፤ ፈተና ላይ ግን ዜሮ ታገኛለች። ራስል የፊልሙን ችግር በዚህች ሣቅ ውስጥ አስቀድሞ አኑሮታል፤ በትክክለኛ ሐሳብና ተቀባይነት ባለው ሐሳብ መካከል ያለው ርቀት ገና ከመጀመሪያው ትምህርት ይታያል።

የፍራንክ ጭንቀት ከዚህ ይጀምራል። ሪታ ለመጀመሪያ ጊዜ «ማክቤዝ»ን ቴአትር ቤት ሄዳ ስታይ ተንቀጥቅጣ ትመለሳለች፤ ከሥራዋ በምሳ ሰዓት ሮጣ መጥታ ስለ ጨዋታው ለፍራንክ ትተርክለታለች። ፍራንክም ትራጀዲ ምን እንደሆነ ያስረዳታል። ዛፍ ወድቆበት የሞተ ሰው ነገሩ ያሳዝናል፤ ትራጀዲ ግን አይደለም። ትራጀዲ የሚሆነው ሰውየው በራሱ ባሕርይ ውስጥ ባለ እንከን እየተመራ ወደ ጥፋቱ ሲሄድ ነው። ሪታ ሰምታው ስትወጣ የያዘችው ዕውቀት አይበርድባትም፤ ለጓደኞቿ እንዴት እንደምትነግር እያሰበች ትሄዳለች። በኋላ ስለ «ማክቤዝ» የጻፈችውን ስታመጣ ፍራንክ ልቡ ይነካል። ከልብ የወጣ፣ ሌላ ማንም ሊጽፈው የማይችል ነገር ነው። ያም ሆኖ በፈተና ሚዛን ዋጋ የለውም። ፍራንክ እውነቱን ይነግራታል፦ እንዲህ መጻፍሽን ብወደውም፣ ለማለፍ ከፈለግሽ ይህን ልዩነትሽን መጨቆን አለብሽ፤ እኔ ደግሞ ይህን ማድረግ እፈልግ እንደሆነ አላውቅም። ሪታ ወረቀቱን ቀዳ እንደገና ለመጀመር ትነሣለች።

በዚህ ቦታ የሚጋጩት ሁለት መልካም ነገሮች ናቸው፤ ፊልሙ አንደኛውን ቀላል አድርጎ አለማቅረቡ ትልቅ ጥንካሬው ነው። የፍራንክ ፍርሃት የፍልስፍና ታሪክ ያለው ፍርሃት ነው። በፕላቶን «ሜኖን» ውስጥ ሶቅራጥስ አንድን ያልተማረ ባሪያ ልጅ እየጠየቀ፣ ምንም ሳይነግረው፣ የአራት ማዕዘንን ስፋት እጥፍ ማድረግ የሚቻልበትን መንገድ እንዲደርስበት ያደርገዋል። ሶቅራጥስ ከዚህ የሚያወጣው መደምደሚያ፣ ልጁ ዕውቀቱን ያገኘው ከራሱ ውስጥ መሆኑን ነው። ትምህርት ነፍስ ቀድሞ ያላትን ማስታወስ ከሆነ መምህሩ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ስለዚህም የሚያበላሸው ነገር ሊኖር አይገባም። ፈረንሳዊው ዣክ ራንሲዬር በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ የተረከው የጆሴፍ ዣኮቶ ታሪክም ወደዚህ ያዘነብላል። ዣኮቶ በ1818 በሉቨን ከተማ ፍላማንድኛ የሚናገሩ ተማሪዎች ሲሰጡት ቋንቋቸውን አያውቅም ነበር። የፈረንሳይኛና የፍላማንድኛ ጽሑፍ ጎን ለጎን ያለበት አንድ ልብ ወለድ ሰጣቸው፤ እነሱም ያለ ማብራሪያ ፈረንሳይኛ ተማሩ። ራንሲዬር ከዚህ ተነሥቶ የሚያብራራ መምህር ተማሪውን ያለ ማብራሪያ አትችልም ብሎ እንደሚያሳምነው ይከራከራል። ፍራንክ እነዚህን ባይጠቅስም ስሜቱ ይኸው ነው። ሪታ ውስጥ ያለውን ሕያው ነገር የሚያጠፋው እጅ የእሱ እንዳይሆን ይፈራል።

ሪታ ግን ይህን ክርክር አትቀበለውም፤ የእሷም መልስ ክብደት አለው። እሷን ልዩ የሚያደርጋት ይህ የዋህነት ፍራንክን የሚያስደስተው ሞልቶለት ስለሚመለከታት ነው። እሱ የሰለቸውን ዕውቀት እሷ ጨርሶ አልቀመሰችውም። ስለ ምሁራዊ ወግና ማዕረግ ከንቱነት መናገር የሚችለው ያንን ካገኘ በኋላ የሚንቅ ሰው ነው። ያላገኘው ሰው «ባለህበት ቆይ፣ እንዲህ ነው የምታምረው» ሲባል ክብሩ አይጠበቅለትም። ሪታ ወረቀቱን የቀደደችው ተጨቁና ሳይሆን ፈቅዳ ነው፤ ያንን ለማድረግም ከመምህሯ ፈቃድ ጋር መታገል ነበረባት።

ትግሉ በቤቷም አለ። ባሏ ዴኒ ልጅ እንድትወልድ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ራሷን ሳታውቅ ልጅ ማሳደግ አትፈልግም። የወሊድ መከላከያ ክኒን በስውር እንደምትወስድ ሲያውቅ ዴኒ መጽሐፎቿንና ጽሑፎቿን ያቃጥላል። በፊልሙ ውስጥ በጣም ጨካኝ የሆነው ትዕይንት ይህ ነው። ይሁንና ዴኒን እንደ ክፉ ሰው ብቻ መመልከት ነገሩን ያቀለዋል። አንድ ሰው ያገባት ሴት ሌላ ሰው ለመሆን ስትዘጋጅ፣ የትዳሩ ቃል ለየትኛዋ ነበር? ዴኒ ይህን በፍልስፍና ቋንቋ መናገር ስለማይችል በእሳት ይናገራል፤ ጥያቄው ግን አለ። ፊልሙ ለዴኒ በቂ ቦታ አለመስጠቱ ከድክመቶቹ አንዱ ነው። ለመድረክ ሲጻፍ በስም ብቻ የነበረ ሰው፣ ፊልሙ ላይ አካል ሲያገኝ ነፍስ አልተጨመረለትም።

ጉዳዩ ከባልና ሚስቱ ያልፋል። ሪቻርድ ሆጋርት በ1957 ባሳተመው «ዘ ዩዝስ ኦፍ ሊተረሲ» ውስጥ የእንግሊዝ ሠርቶ አደር ቤተሰብ ልጅ በትምህርት ስኮላርሺፕ ከመንደሩ ሲወጣ የሚደርስበትን ገልጿል፤ ሆጋርት ራሱ በሊድስ ድሃ ሰፈር አድጎ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ነው። ልጁ ማታ ማታ ኩሽና ውስጥ ቤተሰቡ እየተጫወተ ብቻውን ያነባል፤ ቀስ በቀስ ከሁሉም ይለያል፤ ከሄደበት ሰፈርም አይገጥምም። ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ፒየር ቡርዲዩ፣ የአንድ የገጠር የፖስታ ቤት ሠራተኛ ልጅ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ለሁለት የተሰነጠቀ ባሕርይ እንዳለው አድርጎ ይገልጸዋል። ሰውነቱ፣ አነጋገሩና ጣዕሙ አንዱን መደብ፣ ሥራውና ዕውቀቱ ሌላውን መደብ ይመስላሉ። ሪታ ፍራንክ ቤቱ ለእራት የጠራት ቀን ይህ ሁሉ በአንድ ምሽት ይደርስባታል። ምን እንደምትለብስና ምን ዓይነት ወይን እንደምትይዝ ስትጨነቅ ትውላለች። ከደረሰች በኋላ በመስኮት በኩል እንግዶቹን አይታ፣ ሳትገባ ትመለሳለች። ቤተሰቧ ወደሚጠጡበት መጠጥ ቤት ስትሄድ ሁሉም ተሰብስበው እየዘፈኑ ታገኛቸዋለች፤ እሷም ለመዝፈን ትሞክራለች። ከዚያ እናቷ ስታለቅስ ታያለች። ምን ሆንሽ ስትባል እናቷ የምትሰጠው መልስ፣ ከዚህ የተሻለ የምንዘፍነው ዘፈን ሊኖር ይገባል የሚል ነው።

ለሪታ ፍላጎት ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የመጣው ከእናቷ ነው። እናት አልተማረችም፣ ትምህርትንም አትናፍቅም፤ የሚጎድላት ነገር መኖሩን ግን ታውቃለች። «ሠርቶ አደሩ የራሱ ባህል አለውና ወደ ሌላው ባህል መሳቡ ክህደት ነው» የሚለው ክርክር ለዚህች ሴት እንባ መልስ መስጠት አይችልም። ሪታ ከሁለቱ ወገን ከማንኛውም ጋር መነጋገር የማልችል ሆኛለሁ ትላለች፤ ቢሆንም ወደኋላ የመመለስ ጉዳይ በዚያች ምሽት ያበቃል።

ሪታ ክረምቱን ኮርስ ላይ አሳልፋ ስትመጣ ሌላ ሰው ናት። ፍራንክ ገጣሚውን ብሌክን ሊያስተምራት ጓጉቶ ሲጠብቅ እሷ ብሌክን ክረምት ላይ ጨርሳለች። ከትሪሽ ጋር መኖር ጀምራለች። ትሪሽ የማህለርን ሙዚቃ የምትወድ፣ ሁልጊዜ በራስ መተማመን የሞላባት የምትመስል ሴት ናት። ሪታ አነጋገሯን እንደ ትሪሽ ለማድረግ ትሞክራለች፤ አስቀያሚ በሆነ ድምፅ ስለ ውብ ሥነ ጽሑፍ ማውራት አይሆንም ብላ ትሪሽ አስተምራታለች። ስሟንም ወደ ሱዛን መልሳለች። «ሪታ» የሚለው ስም የአሜሪካዊቷ ደራሲ የሪታ ሜይ ብራውን ስም ነበር፤ ሱዛን ወደ ትምህርት ስትመጣ ከምታደንቃት ደራሲ ተውሳው ነበር። ፍራንክ ያወቃትና የወደዳት ሪታ ከመጀመሪያውም የተዋሰችው ሰው ነበረች ማለት ነው።

ከዚያ ትሪሽ ራሷን ለመግደል ትሞክራለች። ሪታ ደርሳ ታተርፋታለች። ትሪሽ የምትናገረው ነገር ሪታ ባለችበት ያስቀራታል። በጽሑፍና በሙዚቃ መካከል ስትሆን ሕይወት ደህና ይመስላታል፤ ሙዚቃው ሲቆም ግን ያው ራሷ ብቻ ትቀራለች። ሪታ የምትቀናበት ሕይወት ከውስጥ ባዶ ነበር። ፍራንክም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ዕውቀት ሁሉ በእጁ እያለ ይጠጣል፤ አብራው የምትኖረው ጁሊያ ከጓደኛው ጋር ናት፤ ሰክሮ ወደ ክፍል ገብቶ ከመድረኩ እስከ መውደቅ ይደርሳል። ራስል ሆን ብሎ ከፊቷ ያስቀመጠላት ሁለቱ የተማሩ ሰዎች የዕውቀትን ጥቅም የሚያስመሰክሩ አይደሉም።

የመጨረሻው ግጭት በፍራንክ ግጥሞች የተነሣ ነው። ፍራንክ የወጣትነት ግጥሞቹን ለሪታ ይሰጣታል። እሷና ትሪሽ ሌሊቱን ሲያነቧቸው ያድራሉ፤ በማግስቱ ሪታ በሙገሳ ትመጣለች፤ ጥልቀቱን፣ ከቀደሙት ገጣሚዎች የወሰደውን፣ ዘይቤውን ትተነትናለች። ፍራንክ እነዚህ ግጥሞች ዋጋ እንደሌላቸው ያውቃል። ቀድሞ የነበረችው ሪታ ብታነባቸው ኖሮ ንቃ ትጥላቸው እንደነበር ያምናል። በንዴት ግጥሞቹን ይቀዳድዳቸውና ራሱን ከሜሪ ሼሊ ጋር ያመሳስላል። ሜሪ ሼሊ የ«ፍራንክንስታይን» ደራሲ ናት፤ ፍራንክ የሚያስበው በመጽሐፉ ውስጥ ፈጣሪው የጠላውን ፍጡር ነው። እሷ የምትመልስለት እውነት ነው፦ የሚያስቆጣህ ከእንግዲህ አንተን አለመፈለጌ ነው። እሱ የሚመልሰውም እውነት አለበት፦ አዲስ ዘፈን አግኝተሻል፣ የተሻለ መሆኑ ግን አጠራጣሪ ነው።

ይህ የሚያስታውሰው የድሮውን የፒግማሊዮን ታሪክ ነው። ኦቪድ የተረከው ቀራጭ የሚያፈቅረውን ሐውልት ራሱ ይሠራል፤ በ1913 ለመድረክ በበቃው የበርናርድ ሾው «ፒግማሊዮን» ላይ ደግሞ አንድ የቋንቋ ሊቅ አበባ ሻጯን ኤላይዛን እንደ ባላባት እንድትናገር ያሠለጥናታል። ራስል ከሾው የሚለየው በጀማሪው ነው። ኤላይዛም ብትሆን የአነጋገር ትምህርት ፈልጋ በራሷ እግር ወደ ሊቁ ቤት ትመጣለች፤ የሙከራው ሐሳብና ውርርዱ ግን የወንዶቹ ነው። በራስል ታሪክ ውስጥ ሙከራ የሚያደርግ ወንድ የለም። ፍራንክ እንደ ፍራንክንስታይን ራሱን ማየቱ ስለዚህ በከፊል እብሪት ነው፤ እሱ አልፈጠራትም። የተናገረው ሌላው ግማሽ ግን ሊታለፍ አይገባም፤ ሪታ በዚያች ሰዓት የምትናገረው በተውሶ ቃል ነው። የምትወደውን ሳይሆን መውደድ የሚገባትን ታመሰግናለች።

እዚህ ላይ ኢብሰን ይመለሳል፤ ራስል «ፔር ጊንት»ን የመረጠው በአጋጣሚ አይመስልም። የተውኔቱ ባለታሪክ ዕድሜውን ሁሉ ራሴን እሆናለሁ እያለ፣ በእውነት ግን ለራሱ ብቻ እየኖረ ከቦታ ቦታ ይዞራል፤ ነጋዴ ይሆናል፣ ነቢይ ይሆናል፣ የጥንት ነገር ተመራማሪ ይሆናል። ሸምግሎ ሲመለስ አንድ ሽንኩርት ይልጣል፤ እያንዳንዱን ልጣጭ በኖረበት ሕይወት ስም እየጠራ ይጥለዋል። መጨረሻ ላይ ፍሬ ይገኛል ብሎ ሲጠብቅ ከልጣጭ በቀር ምንም የለም። የልብስ ቁልፍ ሠሪው የሚባለው ገጸ ባሕርይ ደግሞ ራሱን ሆኖ የማያውቅ ሰው ቀልጦ ከሌሎች ጋር መደባለቅ አለበት ብሎ ሊወስደው ይመጣል። ፍራንክ ሪታን የሚወቅሰው በዚህ መንፈስ ነው፦ ሱዛን፣ ሪታ፣ እንደገና ሱዛን፣ የትሪሽ ድምፅ፣ የተቺዎች ቃል፤ ልጣጩ ተልጦ ሲያልቅ ፍሬው የት አለ?

ፊልሙ የሚሰጠው መልስ ሁለት የተለመዱ መልሶችን ይተዋል። አንዱ ፍራንክ የሚያምነው ነው፤ ከሥር እውነተኛዋ ሪታ አለች፣ ትምህርት የሚሸፍናት። ሌላው የትሪሽ ዓለም ነው፤ ሰው የሚያነበውና የሚያደምጠው ድምር ነው፣ ከዚያ በቀር ምንም የለም። ሪታ ፈተናው ላይ የሚያጋጥማት ጥያቄ ያው የ«ፔር ጊንት» ጥያቄ ነው። ከፈተናው በኋላ ለፍራንክ የምትነግረው ይህንን ነው። የድሮውን መልስ፣ በሬዲዮ ይተላለፍ የሚለውን፣ መጻፍ ትችል ነበር፤ የሚያስቅና የራሷ የሆነ መልስ ይሆን ነበር። የተማረችውን የተለመደ መልስም መጻፍ ትችል ነበር። ሁለቱም መንገዶች ፊቷ ላይ ነበሩ፤ እሷም መረጠች። ትምህርቱ የሰጣት ይህንን መሆኑን ትገነዘባለች። በፊት አንዱን ብቻ ታውቅ ስለነበረ ቀልዷ ምርጫ አልነበረም፤ ዛሬ ሁለቱን ስለምታውቅ የተለመደውን መጻፏ መጨቆን አይደለም።

ይህ መልስ የፖልንና የካላርድን ጥያቄ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ሪታ የተለወጠችው ለየትኛዋ ሪታ ጥቅም ነው ብሎ መጠየቅ ሁለት የተዘጋጁ ሰዎችን፣ የበፊቷንና የኋለኛዋን፣ እንደ ሁለት ተከራካሪ ማቆም ነው። ሪታ ግን ሁለቱንም በአንድ እይታ ማየት የምትችለው አሁን ነው። እናቷ መጠጥ ቤት ያለቀሰችውን ማስታወስ ትችላለች፤ የትሪሽን ባዶነትም ታውቃለች። ፍሬው በልጣጮቹ ሥር የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ልጣጮቹን የምታውቅና ከመካከላቸው የምትመርጥ እሷ ናት። ኢብሰን ራሱ ፔርን የሚያድነው በሌላ መንገድ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ በጠበቀችው በሶልቬይግ ውስጥ ፔር ራሱን ያገኛል። ራስል ለሪታ የሚጠብቃት ሰው አልሰጣትም፤ ፍራንክ ወደ አውስትራሊያ እንዲሄድ ሲደረግና አብራው እንድትሄድ ሲጋብዛት መልሷ «እሄዳለሁ»ም «አልሄድም»ም አይደለም። ወደ ፈረንሳይ ልትሄድ፣ ለንደን ልትቀመጥ፣ ልጅ ልትወልድ ትችላለች፤ ትወስናለች። የፍራንክን ፀጉር ትቆርጥለታለች፤ ኤርፖርት ላይ ይለያያሉ።

ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች ግን ይቀራሉ። የመጀመሪያው፣ ምርጫ ራሱ በቂ በጎ ነገር ነው ወይ የሚለው ነው። ሰው ሁሉም መንገድ ክፍት ሆኖለት አንዱንም መውደድ ቢያቅተው ምን ይጠቅመዋል? ፍራንክ ለዚህ ሕያው ምሳሌ ነው፤ የሥነ ጽሑፍን መንገዶች ሁሉ ያውቃል፣ በአንዱም አይሄድም። ፊልሙ ይህንን ጥያቄ የሚያልፈው በሪታ የግል ኃይል ላይ ተመርኩዞ ነው። ጁሊ ዋልተርስ የምትጫወታት ሴት እስከ መጨረሻው የ«ማክቤዝ»ን ቀን ደስታ በዓይኗ ውስጥ ይዛ ስለምትቆይ ተመልካች ምርጫዋ ባዶ እንደማይሆን ያምናል፤ ክርክሩ ግን ይህን አላረጋገጠም። ፍራንክም ቢሆን በመጨረሻው ላይ የሚለወጠው የሪታን ምርጫ አይቶ ነው እንጂ በተማረው ነገር አይደለም፤ የተማረና የሚመርጥ ሰው ምን እንደሚመስል እሷ ታሳየዋለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ የማኅበረሰብ ነው። ሪታ የመረጠችው ከተሰጧት ነገሮች መካከል ነው፤ በፈተና የሚያልፈውን መልስ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። ቡርዲዩ ይህን አስመልክቶ ትምህርት ቤት የአንዱን መደብ ጣዕም የሁሉ መለኪያ አድርጎ እንደሚያቀርብ ይከራከራል። በዚህ መልክ ሪታ ነፃ ሆና የመረጠችው ሌሎች የሠሩትን አጥር ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነው በፊልሙ ውስጥ በከፊል ብቻ አለ፦ ሪታ የአጥሩን ቅርጽ ስለምታውቅ ልታልፈውም፣ ልታከብረውም፣ ልትነቅፈውም ትችላለች፤ እናቷ ግን እንዳለ ብቻ ነው የደረሰባት። አጥሩ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ራስል ክፍት ትቶታል፤ በአንዲት ሴት ታሪክ ውስጥ የሚያልቅ ጥያቄም አይደለም።

ምርጫ ደግሞ ከመጀመሩ በፊት መግባት አለ። ሪታ ከፀጉር ቤት ደሞዟ ክፍያዋን መሸፈን፣ ከሥራ ሰዓቷ ውጭ መማር፣ ያለ ቀድሞ ማስረጃ መመዝገብ ችላለች፤ ስለ ራስ መለወጥ የተነሣው ፍልስፍና ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከ2012 የክፍያ ጭማሪ ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ በትርፍ ሰዓት የሚማሩ ሰዎች ቁጥር በእጅጉ አሽቆልቁሏል፤ ከሁሉ ይበልጥ የቀሩትም በሥራ ላይ ያሉ፣ በዕድሜ የገፉ፣ በሪታ ዓይነት ሕይወት ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ አሁንም ለአብዛኞቹ ትምህርቶቹ የመግቢያ ማስረጃ አይጠይቅም።